በቁመትህ ልክ

ሰርጥ ሚካኤል፣ ጥቅምት 16 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለአድማሴ፤ ጎንደር፣ አራዳ።

የክረምቱ ጭቃ ደርቋል። አንተስ ደህና ከረምህ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ደረሰችኝ። አራት መስመር ናት። አራቷን መስመር ለማንበብ ከምሳ እስከ ከብት መግቢያ ፈጀብኝ፤ አትሳቅ። ፊደል ጨርሼ ዳዊት ልጀምር ስል ነው አባቴ ለእርሻ ከቄሱ ደጅ ያስነሣኝ። የሚጽፍልኝ ሰው አላጣሁም። ይህን ነገር ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ የጸሐፊ አፍ ወንፊት ነው።

«አባቴ መሆንህን በምን ልወቅ?» አልኸኝ። ልክ ነህ፤ ዳኛም ያለ ምስክር አይፈርድም። የግራ ባትህን ግለጠው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ጠባሳ አለች። አራት ዓመትህ ሳለ ማረሻዬ ላይ ወድቀህ ነው። ተሸክሜህ ሮጥሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንዲያ ሮጬ አላውቅም። ደሙን ያቆመልህ ጎረቤታችን ይባረክ ነው፤ ያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤሉ። ዘንድሮ ለማረሻ የሚሆን የተሰበረ የማኪና ባሌስትራ ሊገዛ ጎንደር ወጥቶ፣ አንድ አናጢ ሱሪውን ጠቅልሎ ሳንቃ ሲልግ አየ። ያሰራትን ቁስል ጠባሳ አወቃት።

ሲመለስ ምን አለኝ መሰለህ? «አያ አላምረው፣ አፍንጫው ያንተ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የእናቱ።» ተቆጣሁት። እቤቴ ስገባ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

መልስህን ለይባረክ ብቻ በእጁ ስጠው። በፖስታው ላይ የማንንም ስም አትጻፍ። ምነው አትበለኝ።

አላምረው ነኝ።


ጎንደር፣ ኅዳር 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለአቶ አላምረው፣

ጤናዎን እንደምን ነዎት? ጠባሳዋን አየኋት። እናቴ የውሻ ንክሻ ነው ትለኝ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ አባይነሽ ኮላ ድባ በሕይወት አለች። ስለ እሷ ለማወቅ እንደሚፈልጉ ይባረክ ስለነገረኝ ነው የጻፍሁት። አባቴ ማን ነው ስላት «ሰጠኝ ነው» ትለኝ ነበር። ሰጠኝ የእናቴ አባት፣ አያቴ መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ልጆች ሲሰድቡኝ ነው። እስከ ዛሬም ስሜ አድማሴ ሰጠኝ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት አንዲት ቃል አልላኩም። ሚስትዎ እንዳረፉ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ብቻዎን ስለቀሩ ነው የፈለጉኝ? እናቴንስ ለምን ፈቷት? እሷን ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች፤ ስለዚህ እርስዎን ጠየቅሁ።

አናጢ መሆኔን ሲሰሙ «የእኔ ዘር እጁን ለመጋዝ ይሰጣል?» ብለዋል አሉ። በዚህ እጅ ነው ራሴን ያሳደግሁት፤ ለእናቴም የምልክላት ከዚሁ እጅ ነው።

አድማሴ ሰጠኝ


ሰርጥ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ልጄ አድማሴ፣

አደይ ረግፎ ብርድ ገባ። ከብርዱ ይልቅ ደብዳቤህ አንዘፈዘፈኝ። «እርስዎ» ብለህ ጻፍህልኝ። ምነው፣ የወረዳ ገዥ ነኝ? ልጅ አባቱን አንተ ብሎ ቢሳደብ ይሻላል።

ያ ይባረክ ምላሱ ከመዶሻው ይፈጥናል። አዎ፣ ስለ መጋዙ ያልሁትን ብያለሁ። እሱ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ግን አልነገረህም። ወናፉን አቁሞ አየኝና፣ «አያ አላምረው፣ እኔ ማረሻህን ስቀጠቅጥ እጄ ሸጋ ነው። ልጅህ ሳንቃ ሲልግ ነው ውርደቱ? እንግዲያው በጥፍርህ እረስ» አለኝ። ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። ማረሻዬን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ያልሁትን እንዳላልሁት ቁጠረው። ከዚህ በላይ ይቅርታ ከእኔ አትጠብቅ፤ አልለመድሁም።

ሚስቴ ይመኙሽ ያረፈችው አምና ሚያዝያ ነው። ልጅ አልሰጠንም። ሸጋ ሴት ነበረች። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ «ያንን ልጅ ፈልገው፤ እኔ ስላለሁ አፍረህ ነው የተውኸው ብለው በሰማይ ቤት እንዳይጠይቁኝ» አለችኝ። ስለዚህ የፈለግሁህ ብቻዬን ስለቀረሁ አይደለም። ብቻዬን መሆኔም እውነት ነው። የቤቴ በር በአንድ ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ለማን ብዬ ልጠግነው።

እናትህን እኔ አልፈታኋትም፤ እሷ ናት የፈታችኝ። አንድ ነገር ተሸከም አለችኝ። አልሸከምም አልኋት። አንተን አዝላ ሄደች። ነገሩ ይኸው ነው።

የቀረውን አትጠይቀኝ።

አባትህ አላምረው


ዛሪማ፣ ጥር 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ልጄ፣

የላክኸው በርጩማ ደረሰኝ። ተቀመጥሁበት፣ ቆምሁበት፣ ገለበጥሁት፣ በበትር መታሁት። አንድም ምስማር የለበትም፤ እንጨት በእንጨት የነከሰ ነው። ቄሱ ሊቀመጡበት ሲሉ አልፈቀድሁም፤ ቄሱ ይታዘቡኝ። «ከየት መጣ?» የሚለኝ በዛ። ወሬ ለወጥሁ። መደበቅ አንጀት ይበላል።

«በሱቄ ደጅ ሰሌዳ ላቆም ነው፤ በማን ስም ልጻፍ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስምንት ቀን አሰብሁበት። ማሰብ ያለብኝ ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ተወው። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ እኔንም ሳበኝ። አድማሴ አላምረው ብለህ ጻፍ። በትልቁ ጻፈው። ከሩቅ ይታይ።

እኔም በዚህ ፖስታ ላይ እንዲያው ጽፌዋለሁ። ይባረክ ፖስታውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «አያ አላምረው፣ ይህን ስም በደረቴ ይዤ ሊማሊሞን አልወጣም። ራስህ ያወጣኸውን ሕግ ራስህ ታፈርሳለህ?» አለኝ። ፈሪ አልሁት። እሱም፣ «እኔ ብረት ስመታ እሳቱ ማን ላይ እንደሚፈናጠር አይቼ ነው» አለ። ተጣላን።

ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወርጃለሁ። ይህን የምጽፍልህ ማኪና እየጠበቅሁ ነው። ገበያው ሞልቷል። ብዙ የማልወደው ሰው አለ፤ አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ገበያ የእግዜር ሜዳ ነው፤ ማንም ይቆምበታል።

አባትህ አላምረው


ጎንደር፣ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣

«እርስዎ» እንዳልል ከልክለኸኛል፤ ምላሴ እስኪለምድ ታገሠኝ። የማኪናው ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «አድማሴ አላምረው የሚባል ማነው?» ሲል ሳላስበው «እኔ» አልሁ። መጋዜን አስቀምጬ ቆሜ አነበብሁት። ሰሌዳውን በዚያው ቀን ጻፍሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እናቴ ለጥምቀት ከኮላ ድባ መጥታ ነበር። ሰሌዳውን ስታይ ደስ ይላታል ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። መሬት ላይ ተቀመጠች። «ይህን ስም ማን አየው?» አለችኝ። ፖስታውን አሳየኋት። ነጥቃኝ ገብታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ተቃጥሎ እስኪያልቅ በእንጨት ትጫነው ነበር። ታቦት ሲገባ ሳታይ ተመለሰች። የሄደችበት ቃል፣ «እሱን ጠይቀው። በአፉ ይንገርህ፤ እኔ ምያለሁ» የሚል ነው።

ይኸው ጠየቅሁህ። ምንድን ነው?

ልጅህ አድማሴ


ሰርጥ ሚካኤል፣ ጥር 19 ቀን 1950 ዓ.ም.

ልጄ አድማሴ፣

ከይባረክ ጋር ታርቄያለሁ፤ ቤቱ ሄጄ አጎንብሼ ገባሁ። በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው ያጎነበስሁት። ይህን ደብዳቤ እሱ ይዞልህ ይመጣል።

ዛሪማ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ማኪናው መጣ። ፖስታውን ለሾፌሩ ሰጠሁት። አንድ ነጋ የሚባል ሰው እዚያው ቆሞ ነበር። ሰው እየሰማ፣ «አያ አላምረው፣ ለማን ነው የምትጽፈው? ለመቃብር ነው? ወይስ በሬህ ማንበብ ተማረ?» አለ። ገበያው ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። ዝም ብዬ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ለሾፌሩ «ጮኸህ አንብበው!» አልሁት። አነበበው፤ «ለአድማሴ አላምረው፣ ጎንደር፣ አራዳ፣ አናጢ።» የሳቀ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

ነጋም ፖስታውን አየት አደረገው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝና ሄደ። እስከ ዛሬ ሲሰድበኝ እንቅልፍ ነሥቶኝ አያውቅም። ያ «እንኳን ደስ ያለህ» ግን ነሣኝ።

ሰሌዳውን አውርደው። ሰው ቢጠይቅህ የሰጠኝ ልጅ ነኝ በል። የእኔን አገር ሰው አላውቅም በል። ወደዚህ እንዳትመጣ። ለምን እንደሆነ በወረቀት አልጽፍልህም፤ አባት ልጁን ሲያዝ ምክንያት አይቆጥርም።

ሰው መጥቶ ነበር? ይህን ብቻ መልስልኝ።

አላምረው


ሰርጥ ሚካኤል፣ የካቲት 4 ቀን 1950 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይባረክ መልስህን አመጣልኝ። «ስም ሰጥተህ መልሰህ ነሳኸኝ። ስጦታህ እንደ ልጅ ጨዋታ ነው» አልኸኝ። ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠይቄህ አልመለስህልኝም። ተናደሃል። እውነትህን ነው። እንግዲህ የደበቅሁህን ስማ። ጽሕፈቴን ማንበብ ካቃተህ ለሌላ አታሳይ፣ ደግመህ ሞክር።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ዳኛው የሚባል ሰው ገደልሁ። በድንበር ተጣልተን ነው። እሱ ጅራፍ ነበረው፣ እኔ ጠመንጃ። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሱም ጠመንጃ ነበረው ነው የምለው። መንግሥት አምስት ዓመት አሠረኝ። የደም ነገር ግን በእሥር አይደርቅም።

ገና ሳልታሠር ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። በአገራችን የገደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ከሟች ወገን ፊት ወድቆ ይቅር በሉኝ ይላል። ካልወደቀ ደሙ ክፍት ነው። እናትህ እግሬን ይዛ፣ «ተሸከም፤ ለልጅህ ብለህ ተሸከም» አለችኝ። እኔ ለዳኛው ዘር አንገቴን አልደፋም አልኋት። በማግሥቱ አንተን ይዛ ኮላ ድባ ገባች።

ከወር በኋላ ሰው ላከችብኝ። «ልጁ በንዳድ ሞተ በል። ለቅሶ ተቀመጥ። አለዚያ እውነቱን ትቀመጠዋለህ።» ተቀመጥሁ። በሕይወት ላለህ ልጄ ድንኳን ጥዬ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥሁ። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጣ፤ አልቃሽ ስምህን እየጠራች አወረደች። መጀመሪያ እንባዬ የውሸት ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን እውነት ሆነ። ይመኙሽና ይባረክ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ያን ያህል ዓመት ያልላክሁብህ ለዚህ ነው።

ነጋ የዳኛው ልጅ ነው። ካንተ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተወለዳችሁ። ከግራ እጁ መካከል ሁለቱ ጣቶች የሉትም፤ በልጅነቱ የጣሊያን ቦንብ ወሰዳቸው። እኔን አይነካኝም። እንደ እኔ ያረጀ ሰው ገድሎ የአባት ደም አይመለስም፤ ልጅ ሲኖር በልጅ ነው። እኔ ደግሞ ልጅ እንዳለኝ በገበያ አስነበብሁለት።

እንግዲህ ሽማግሌ ልኬበታለሁ። ድንጋዩን እሸከማለሁ። ትናንት ከቤቴ ጀርባ ሞክሬው አየሁ። ክብደቱ አይደለም፤ አንገቴ ነው እንቢ ያለኝ። ግን ይለምዳል። ነጋ ሳያንገራግር እሺ አለ። «ጾም ሳይገባ ይሁን፤ ቅዳሜ የካቲት 8፣ ዛሪማ፣ ማኪናው በሚመጣበት ሰዓት» ብሎ ቀኑን የቆረጠው ራሱ ነው። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ልቡን አራርቶታል ይላሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህ ልጅ ምነው እንዲህ ቀለለው?

ነገሩ እስኪያልቅ ኮላ ድባ እናትህ ዘንድ ሂድ። ይህን ለማኪናው ሾፌር አልሰጥም፤ ስምህን ጮኾ ያነበበ አፍ ነው። ይባረክ በእግሩ በአራት ቀን ያደርስልሃል።

አባትህ


ጎንደር፣ የካቲት 7 ቀን 1950 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይህን በፖስታ ብልከው ከእኔ በኋላ ነው የሚደርስህ። ስለዚህ በኪሴ ይዤው እመጣለሁ። እፊትህ ቁጭ ብዬ ስታነበው ላይህ እፈልጋለሁ፤ ከምሳ እስከ ከብት መግቢያም ቢፈጅ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ተናድጄ ጻፍሁ። ሰሌዳውን ግን አላወረድሁትም። አንተ አትምጣ ብትለኝም እመጣለሁ፤ በዚህ ብቻ እንደ አባትህ ግትር ነህ ብትለኝ ደስ ይለኛል። እናቴም አንተም የማትነግሩኝን ነገር ፊት ለፊት ስትነግረኝ እሰማለሁ።

የመንገዱን ምክንያት ደግሞ እግዜር ሰጠኝ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሰው መጣ፤ ልክ በእኔ ዕድሜ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ሸጋ ሰው። ሰሌዳውን ቆሞ ሲያነብ ቆየና፣ «የአያ አላምረው ልጅ ነህ?» አለኝ። እንድክድ ያዘዝኸኝ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም ነበር። ቢደርሰኝም የምክድ አይመስለኝም። «አዎ ነኝ» አልሁት። «ያገርህ ሰው ነኝ፤ አባትህን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዛሪማ ቤት እየሠራሁ ነው፤ በር ሥራልኝ» አለ።

ልኩን ስጠይቀው፣ «በቁመትህ ልክ ይሁን» አለ። ግድግዳው ላይ አስደግፎ በስንዝሩ ከእግሬ እስከ ራሴ ለካኝ። ሳቄ መጣ፤ ግራ እጁ መካከሉ ላይ ሁለት ጣት ይጎድለዋልና ስንዝሩ እንደ ሸረሪት ይሄዳል። ሲጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሸጋ ቁመት ነው። አባትህ ሲያይ ይደሰታል» አለኝ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ሥራውን አየ። በሩን ራሴ አምጥቼ እንድገጥምለት፣ ቀኑም የነገው ቅዳሜ እንዲሆን ለመነኝ። «ያን ቀን አባትህም እዚያው ይኖራል» አለ። ምን ልትሠራ ትወርዳለህ አባዬ? ለቅበላው ገበያ ነው?

በሩ አምሯል። ከተረፈው ሳንቃ ላንተ ጠፍር የማያሻው መዝጊያ እሠራልሃለሁ። ቅበላንም አብረን እንበላለን።

ጎህ ሲቀድ ማኪና እሳፈራለሁ።

ልጅህ አድማሴ አላምረው


ዛሪማ፣ የካቲት 8 ቀን 1950 ዓ.ም.

ልጄ አድማሴ፣

ይኸው ቀኑ ደረሰ። የማስታረቁ ዳስ ከገበያው ዳር ከሾላው ሥር ነው። በላክህልኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ድንጋዩ እግሬ ሥር ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጥተዋል። «አላምረው፣ አንተም ትጽፋለህ?» ብለው ተገረሙ። «ልጅ ያስተምራል» አልኋቸው። ከዚህ ወዲያ ልደብቅህ አልችልም።

አሁን የጻፍሁትን ፖስታ እይ። በላዩ «አድማሴ ሰጠኝ» ብያለሁ። ስሜን ከላይህ አነሣሁልህ። በእኔ ስም ከምትሞት በአያትህ ስም ኑርልኝ። የሚያስፈራ ስም ስለሌለበት ዛሬ በማኪናው ልልከው እችላለሁ፤ ሲመለስ ያደርስልሃል። ይባረክ ያመጣልህን ደብዳቤ ይህን ጊዜ ታነበው ይሆናል። ኮላ ድባ ስትገባ ለእናትህ «ተሸከመ» በላት። አንዲት ቃል ናት፤ ይበቃታል።

ነጋ መጥቷል። ከወገኖቹ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ አንድም ቀን እንዲህ ረግቶ አላየሁትም። ጋቢውን ደርቦ ይዞታል፣ በዚህ ሙቀት ግን ጋቢ አይደረብም። ሽማግሌው «እንጀምር» ቢሉት፣ «ማኪናው ይምጣ፤ ምን ያስቸኩላል» አለ። ድንጋዩን ጭነውልኛል። ጎንበስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢጣመም አንገቴ ነው።

አቧራው ከላይ ታየ። ማኪናው ደረሰ።

ነጋ ተነሣ። ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ወደ ማኪናው ሄደ። ከጭነቱ ላይ አንድ አዲስ በር ይታየኛል፣ ገና ነጭ እንጨት ነው። የእሱ ይሆናል፤ እስኪያወርድ እጠብቀዋለሁ። አንድ ረጅም ልጅ በሩን አቅፎ ጭነቱ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች ፊቱን አላየሁትም፤ አቋቋሙ ግን ሸጋ ነው። የማን ልጅ ይሆን?